ደራሲውን ተዉትና መጽሐፉን አንብቡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የመጻሕፍት ዓምዳችሁን ሳላነብ አልውልም። ከእግር ኳሱም ከፖለቲካውም በፊት የምገልጠው እሱን ነው። ስለዚህ ቅሬታ ይዤ ብመጣም በወዳጅነት ነውና እንደዚያው ተቀበሉኝ።

በቅርቡ ስለ አንድ አዲስ ልብ ወለድ ገጽ ሙሉ ሂስ አወጣችሁ። የመጽሐፉንም የሃያሲውንም ስም አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ሰው አይደለም። ጽሑፉ ደራሲው የት እንደተወለደ ብሎ ይጀምራል። ማን እንዳሳደገው፣ የት እንደተማረ፣ መቼ ታስሮ መቼ እንደተፈታ ይዘረዝራል። ከዚያ ወደ ዘመኑ ይሻገርና ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ስደቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ያወራል። መጨረሻው ላይ «ሁሉም ሊያነበው የሚገባ ድንቅ ሥራ ነው» ብሎ ይዘጋል። ከመጽሐፉ የተጠቀሰች አንዲት ዓረፍተ ነገር የለችም። አንዲት! ሃያሲው መጽሐፉን አንብቦት ይሁን ከጀርባ ሽፋኑ ላይ ገልብጦ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ይሄ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አባት አለው። ሴንት ቦቭ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ሰውየው እንደ እናንተው የጋዜጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ሰኞ ሰኞ ስለ መጻሕፍት ይጽፋል፣ ከተማውም ሰኞን ይጠብቃል። እምነቱ አጭር ነው፦ ዛፉን ሳታውቅ ፍሬውን አትፈርድም። ስለዚህ ስለ ደራሲው የማይጠይቀው ነገር አልነበረም። ሃይማኖት ላይ አቋሙ ምንድን ነው? ሴት ሲያይ ምን ይሆናል? ገንዘብ ላይስ? ሀብታም ነው ድሃ? የዕለት ኑሮው ምን ይመስላል? ድክመቱስ ምንድን ነው? የእኛ ሰፈር ሰው ለሙሽራ የሚያጣራውን ሁሉ እሱ ለደራሲ ያጣራ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይካድም። ሴንት ቦቭ ይሠራል። ደብዳቤ ያገላብጣል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይከርማል። የእኛዎቹ የደራሲውን የፌስቡክ ገጽ አይተው ይመጣሉ።

ያ ሁሉ ማጣራት ግን ምን አመጣለት? የገዛ ዘመኑን ትልልቅ ጸሐፊዎች አሳንሶ አየ። ስታንዳልን፣ ባልዛክን፣ ቦድሌርን። ሰዎቹን ያውቃቸዋል እኮ! ምናልባትም ችግሩ ይሄው ማወቁ ነበር። በኋላ ፈረንሳዊው ልብ ወለድ ጸሐፊ ማርሴል ፕሩስት የተነሣበት እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ የሚጽፈው ማንነትና እራት ግብዣ ላይ የምናገኘው ማንነት አንድ አይደሉም አለ። ይህን የጻፈበት ሥራ የታተመው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ለእኔ ነገሩ እስካሁን አልተመለሰም፣ በተለይ እኛ አገር።

ከሴንት ቦቭ በኋላ ደግሞ ቴን የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ መጣ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲጽፍ ሁሉን ነገር በሦስት ነገር ፈታው፦ ዘር፣ አካባቢ፣ ወቅት። ሰውየው ከየት ወገን ነው፣ ምን አፈራው፣ መቼ ኖረ። እነዚህን ካወቅህ መጽሐፉ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ታውቃለህ ይላል። የእኛ ሃያስያን ስሙን ሳይሰሙ ደቀ መዝሙሮቹ ሆነዋል ብል አላጋነንኩም።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ውሰዱ። የዘጌ ልጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው ታሪክ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው እየተባለ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ይኸው ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጠላት ጋር ቆመ፣ «አፈ ቄሣር» ተባለ፣ ከነጻነት በኋላም ጅማ በግዞት ሞተ። ስለ እሱ የሚጻፈውን አንብቡ። ግማሹ ስለ ባንዳነቱ ነው። የቀረው ግማሽ «ቢሆንም ፈር ቀዳጅ ነው» የሚል ይቅርታ መጠየቂያ ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ አባቷን ተከትላ ወንድሟን ፍለጋ ስትንከራተት ማን ልብ ይላታል? እንደ ወንድ ሲያዩዋት ጸሐፊው ከአንባቢው ጋር ምን ዓይነት ጨዋታ እየተጫወተ ነው? አማርኛው እንዴት እንዲህ ይፈሳል? እነዚህን የጠየቀ ሰው ባገኝ ደስታዬን አልችለውም። መጽሐፉ የወጣው ጣሊያን አገራችንን ከመውረሯ ወደ ሃያ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው። ገና ያልተፈጸመ ክህደት ፈልጎ አንድ መጽሐፍ ውስጥ መቆፈር ምን የሚሉት ሥራ ነው?

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ወገን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባል መምህር አንድ ነገር ሞከረ። ለተማሪዎቹ ግጥም ያድላል። የገጣሚው ስም የለም፣ ዘመኑ የለም። «አንብቡና የተሰማችሁን ጽፋችሁ አምጡ» ይላል። የመጣውን እ.ኤ.አ. በ1929 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ጉድ ነው የፈላው። ስማቸው ቢኖር ኖሮ ማንም የማይደፍራቸውን ግጥሞች ተማሪዎቹ አብጠለጠሏቸው፤ ብዙም የማይታወቅ ሰው የጻፈውን ግን አሞገሱ። እንግሊዝኛ ሊያጠኑ የመጡ ልጆች ናቸው እኮ፣ ዝም ብለው የመጡ አይደሉም።

ከዚያ ወዲያ አሜሪካ ውስጥ ጽሑፉን ብቻ እንይ የሚሉ ምሁራን በረከቱ። እ.ኤ.አ. በ1946 ዊምሳትና ቢርድስሊ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ደራሲው «ልል ያሰብኩት ይህ ነው» ማለቱ ለሥራው ዋጋ መለኪያ አይሆንም ብለው ጻፉ። ያለው መጽሐፉ ላይ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። እኔ ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ደራሲው ተነስቶ ሃያ ደቂቃ ሲያብራራ የሰማ ሰው ሁሉ ይወደዋል።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም» የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ለእኛ የቀረበው ይሄኛው ነው። ቅኔ ቤት ምን ይደረጋል? ተማሪው ሲያውጠነጥን የዋለውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ከሆነ ሦስት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት። መምህሩ የማን ልጅ ነህ አይለውም። ቤቱ ይሞላል? ግሱ ይስማማል? ሰሙ ወርቁን ይሸከመዋል? ካልሆነ ይመልስበታል፣ ጓደኞቹም እዚያው ይሰሙታል። ዋሸራም ይሁን ዋድላ ወይም ጎንጅ፣ የየቤቱ መንገድ ይለያይ ይሆናል እንጂ ፍርዱ ያረፈው ቃሉ ላይ ነው። ከፍታ ያለው ሂስ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ካምብሪጅ ሳይታሰብ እዚህ ነበረ።

ዝም ብዬ እንዳላወራ አንድ ስንኝ ይዤ ላሳያችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ማን ገጠመው? አይታወቅም። ሴንት ቦቭ እዚህ ሥራ ፈት ነው፣ ሻንጣውን ይዞ ይሂድ። እኛ ግን ገና መጀመራችን ነው። «አዳም ከንፈርሽ» የሚለውን እዩት። በሁለቱ ቃላት መሐል ምንም ማያያዣ የለም፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል። አዳም ሰሙ፣ ከንፈርሽ ወርቁ። «በልቶ» የምትለዋ ግስ ሁለቱንም ታገለግላለች። ታች ደግሞ «መድኃኔ ዓለም ልቤ» ይላል፣ እንደዚያው ጎን ለጎን። እዚህ ድረስ ሥርዓቱን የጠበቀ ሰምና ወርቅ ነው። ዋናው ጉድ ያለው «ተሰቀለልሽ» ላይ ነው። መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ፣ እሺ። ልብ እንዴት ነው የሚሰቀለው? ስልክ ይደወላል ብሎ እስከ ሌሊት ያፈጠጠ ሰው መልሱን ያውቃል። ስለዚህ አንዷ ግስ መስቀሉንም የናፋቂውን ጭንቀትም ባንድ ጊዜ ተሸከመች። ደግሞ አስተውሉ፣ የበላችው ከንፈሯ ናት፣ ዕዳውን የሚከፍለው የሱ ልብ ነው። የአዳምን ዕዳ ክርስቶስ እንደከፈለ ማለት ነው። ወንድየው ጥፋት የለበትም፣ ይሰቀላል ግን! ይሄ ምስኪንነት ነው ወይስ ትልቅ ብልጣብልጥነት? ደግሞስ የስቅለትን ነገር ለፍቅር መጥራቱ ድፍረት ነው ወይስ አምልኮ? ስንኙ አይነግረንም፤ ክፍት አድርጎ ትቶታል። ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያወጣነው ከሁለት መስመር ነው። የማንንም የሕይወት ታሪክ አልነካንም።

ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪም ይህን ስንኝ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው መጽሐፉ ተጠቅሞበታል። እሱ ግን ግቡ ሌላ ነበር፤ ሰምና ወርቅን የሕዝብ ጠባይ ማስረጃ አደረገው። ነገርን መሸፈን፣ በጎን መናገር የአማራ ባህል ነው ለማለት። ክርክሩ ዛሬም አለ፣ ወደዚያ አልገባም። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ መንገድ ስንኙን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልፈው ነው። ወደ ሕዝቡ ለመድረስ ሲቸኩል ግጥሙን ረግጦት ያልፋል።

አሁን «አንተ ሰውዬ ታሪክን ጠልተሃል» እንዳትሉኝ። አልጠላሁም። ያንን ስንኝ ዕፀ በለስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ ዓርብ ስቅለት ሰግዶ ለማያውቅ ሰው ስጡት። ይሞትበታል። ታሪክና ባህል ያስፈልጋሉ። እኔ ያልኩት ከንባቡ ቀድመው አይምጡ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚተረጉሙት የአንድምታ መምህራን ይህንን ያውቁበታል። መጀመሪያ ንባቡን ያነባሉ፣ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣሉ፣ ከዚያ «አንድም» እያሉ ያሰፉታል፤ ታሪክ የሚመጣው ሲያስፈልግ ነው፣ መጥቶም ንባቡን ይፈታል። ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል። የእኛ ሃያሲ ታሪኩን አምጥቶ እዚያው ይቀራል።

ደግሞም ደራሲውን መርሳት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1967 «የደራሲው ሞት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ የመጽሐፍ ትርጉም ከደራሲው እጅ ወጥቶ የአንባቢው ይሆናል ነው። ፓሪስ ላይ ሆኖ ሲሉት ያምራል። እኛ ግን በዓሉ ግርማ አለን። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የሚያውቅ ሰው «የደራሲው ሞት» የሚለውን እንደ ፈሊጥ ብቻ ሊያነበው አይችልም። እዚህ ላይ ጽሑፉን ብቻ እንይ የሚለው ወገን አፉን መያዝ አለበት፤ እኔንም ጨምሮ።

ግን ተመልከቱ ደግሞ ምን እንደሆነ። በዚህ ምክንያት ኦሮማይን ማንበብ አቆምን። መጽሐፉ በተነሣ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፦ ይሄኛው ገጸ ባሕርይ በእውኑ ማነው? ያኛው ባለሥልጣን እገሌ አይደለም እንዴ? ሻይ ቤቱም፣ ሬዲዮውም፣ ዩቲዩቡም ይሄንኑ ነው። የደኅንነት ሰዎች መጽሐፉን ያነበቡትም እኮ በዚሁ ዓይን ነበር፤ ማንን ነው የነካው ብለው። እኛ ስንት ዓመት ቆይተን የእነሱን አነባበብ ወረስን። ዋናው ባለታሪክ ጸጋዬ ጋዜጠኛ ነው፣ አሥመራ የሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ ነው፤ በሚያየውና በሚዘግበው መካከል ያለውን ርቀት በዓሉ በምን ያሳየናል? እዚያ የሚያፈቅራት የፊያሜታ ፍቅር ዘመቻውን ያደምቀዋል ወይስ ይጋርደዋል? ይህን የሚጠይቅ ሂስ በጋዜጣችሁ ላይ ባይ ቆርጬ አስቀምጠዋለሁ።

በዚያው በደርግ ጊዜ ደግሞ የገጸ ባሕርይ መለኪያው መደቡ ነበር። ተራማጅ ነው አድኃሪ? የፍቅር እስከ መቃብሩ ጉዱ ካሣ ያኔ አብዮተኛ ተደርጎ መነሣቱ አይገርምም። ሰውየው ግን ከአብዮት ይልቅ ሳቅም ብሶትም ያለበት ነገረኛ ነው፣ ለዚህም ነው የማይረሳው። የመደቡ ሂስ መነሻው ሞስኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የሶቪየት ደራስያን ጉባኤ ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት የሁሉም ጸሐፊ መንገድ ይሁን ብሎ አወጀ። ከዚያ በፊት እዚያው ሩሲያ ሽክሎቭስኪና ጓደኞቹ የጽሑፍ ሥራ የሚጠናው በአሠራሩ ነው ሲሉ ነበር፤ ሽክሎቭስኪ ራሱ ጥበብ የለመድነውን ነገር እንግዳ አድርጎ መልሶ ያሳየናል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1917 ጽፏል። ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1930 ያንኑ ሰው የራሱን ሐሳብ የሚነቅፍ ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ አስወጡት። ጽሑፉን ብቻ እንይ ማለት ከፖለቲካ መሸሽ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለመሸሽ ከሆነ ታዲያ ያ ሁሉ ጫና ምን አስፈለገ?

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር፣ ልቤ ውስጥ ስለቆየ ነው። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ። በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ከብዷል ተባለ፣ አይነበብም ተባለ። ዛሬም ስሙን የሚጠራው እንጂ የሚጨርሰው ጥቂት ነው። በሕይወት ታሪክም በዘመን ታሪክም ብትሄዱ አደፍርስ አይከፈትላችሁም። የሚከፈተው ንግግሩን፣ የየሰዉን አነጋገር፣ ትረካው የሚዘልበትን መንገድ እየተከተሉ ሲያነቡት ነው። ስንት አንባቢ ለዚያ መጽሐፍ መንገድ የሚያሳየው ሃያሲ አጥቶ ተወው? ሂስ ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል? ለምረቃ ፕሮግራም?

ልመናዬ ይሄው ነው። አንደኛ፣ ስለ መጽሐፍ የሚጽፍላችሁ ሰው ቢያንስ አንድ አንቀጽ ከመጽሐፉ ጠቅሶ እንዴት እንደተሠራ ያሳየን። ካላሳየ አታውጡት፤ ለማስታወቂያ ሌላ ገጽ አላችሁ። ደራሲው ወዳጁ ከሆነም እዚያው ይናገር። ሁላችንም እንተዋወቃለን፣ መተዋወቁ ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው።

ሁለተኛ፣ የሪቻርድስን ነገር ሞክሩት። በየወሩ ሁለት ግጥም ያለ ስም አውጡ፣ አንዱ የታወቀ ሰው፣ አንዱ የጀማሪ። አንባቢ አስተያየቱን ይላክ፣ ስሙን በሚቀጥለው ወር ግለጹ። ብዙ እንደምንስቅ አልጠራጠርም፣ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎችም ይቀየሙ ይሆናል። ግጥም መምረጥ ካስቸገራችሁ እኔ አመጣለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር የሰበሰብኩት ደብተር ሙሉ አለኝ።

ሌላ ትንሽ ነገር። ግጥም ስታወጡ እባካችሁ ስንኞቹን አትቀጥሏቸው። ባለፈው ዓምዱ ጠቦ ነው መሰል መስመሩ እየተሰበረ፣ የአንዱ ስንኝ ጅራት ከሌላው ራስ ጋር ተጣብቆ ነበር የወጣው። ቤቱ የት እንደሚመታ ለማወቅ እርሳስ ይዤ ከፋፈልኩት። የገጽ አቀናባሪያችሁን አንድ ቃል ብትሉልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከባሕር ዳር